አባባ እየተራመዱ ማስታረቅ ጀምረዋል

ለተወደድሽው እናቴ፣

እማዬ፣ ከተለየሽን አምስት ዓመት ሞላ። ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ ግን አንዱን ሳልነግርሽ ወደ ሌላው መሄድ አልችልም። አባባ ደኅና ናቸው። በሕይወት አሉ፣ በደንብ ይተነፍሳሉ፣ ይራመዳሉ፣ እንደ ድሮውም ይቆጣሉ።

ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ቃሌን መመጠን ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ይህች ልጅ ዝናብ እየደበደባት እንኳ ዘነበ ለማለት ትጠራጠራለች» እያልሽ በጎረቤት ፊት ትስቂብኝ ነበር። አሁን የጻፍኩልሽን ግን ሳልጠራጠር ነው የጻፍኩት። በመጨረሻ ዘነበ ብያለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። አባባ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራቸው ሽምግልና እንደነበር አንቺም አይተሻል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሰባቸው። ነገሌ ውስጥ የተጣላ ሁሉ ግቢያችን መጥቶ ግራሩ ሥር ይቀመጣል፤ እሳቸውም ጠዋት የያዙትን ወንበር እስከ ማታ አይለቁም። ውኃ ሲጠማቸው ባለጉዳዮቹ ተሽቀዳድመው ያቀርቡላቸዋል፤ ጋቢያቸው ሲወርድ ሌላው ያነሳላቸዋል። ሽማግሌ ከመቀመጫው እንዲነሣ ማድረግ እንደ ነውር ስለሚታይ ሁሉም እያከበራቸው ነበር። ለእረፍት ቤት በመጣሁበት ሰሞን አንድ እግራቸው አበጠ። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደረታቸውን ይዘው መናገር አቃታቸው።

በአምቡላንስ ወደ ሐዋሳ ይዘናቸው ወጣን። ወደራን አልፈን ቦሬ ስንደርስ ብርዱ ገባ። ሾፌሩ እንቅልፍ እንዳይጥለው መስኮቱን ይከፍታል፤ ነርሷ በሽተኛ ይዘናል ብላ ትዘጋለች። ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አባባ የኦክስጅን ጭምብላቸውን በአንድ እጃቸው ገለጥ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ግማሹን... ክፈተው» አሉ። ነርሷ ጭምብሉን መልሳ «አባቴ፣ አይናገሩ!» ብላ ተቆጣቻቸው። መስኮቱ ግን እስከ ሐዋሳ ድረስ በግማሽ ተከፍቶ ሄደ። ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልኩም። አሁን ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ።

ሐኪሙ ከምርመራው በኋላ የነገረኝ የሕመም ስም አዲስ አልነበረም። እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ዘግቷል። አንቺን የወሰደብን ያው ነው። አንቺ ግን ስኳር አልነበረብሽም፤ እሳቸው ከስኳር ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሐኪሙ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ሕመም እንደሚከብድ፣ ልባቸውንና ኩላሊታቸውንም መከታተል እንደሚያስፈልግ፣ ደም ማቅጠኛውም በጥንቃቄ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። እኔም በዚህ ጉዳይ የተጻፉ ጥናቶችን አንብቤ ነበር። ብዙዎቹ ጥናቶች ስኳር ያለባቸው ታማሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለሞት እንደሚጋለጡ ያሳያሉ። ጥፋቱ የራሱ የስኳሩ ይሁን ወይስ አብረውት የሚመጡ የሌሎች ሕመሞች፣ ጥናቶቹ በአንድ ቃል አይናገሩም።

ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ነው፤ ስለ አንዱ ሰው ነገ አይናገርም። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላጽናናኝም። ያጽናናኝ በሦስተኛው ቀን አባባ የሆስፒታሉን ሻይ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደው፣ «እናትሽ ናት እንዴ ያፈላችው?» ማለታቸው ነው።

ያን ሻይሽን ታስታውሻለሽ? ስኳር እንደያዛቸው የታወቀ ሰሞን፣ ጓዳ ውስጥ ስኳር ሞልቶ ሳለ፣ ለእንግዳ ሁሉ «ከቀበሌ አልመጣልንም» እያልሽ መራራ ሻይ ታቀርቢ ነበር። እሳቸው ብቻቸውን መራራ እንዳይጠጡ ብለሽ የሰፈሩን ሰው በሙሉ አስመረርሽው። የአባባ ጓደኛ ኦቦ ጂሎ አዝነውልሽ ከገጠር አንድ ጣሳ ማር ይዘው የመጡ ቀን ጓዳ ገብተሽ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ ስትስቂ አግኝቼሻለሁ።

ከሐዋሳ ስንመለስ የሐኪሙ ትእዛዝ ግልጽ ነበር። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ስኳሩ ይለካል፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ አይፈቀድም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ይኬዳል። መድኃኒቱንም መለካቱንም ተቀበሉ። ሦስተኛውን ስነግራቸው ግን ቱግ አሉ። «ታዲያ ቆሜ ላስታርቅ? እንደ ትራፊክ ፖሊስ?» ሽምግልናውን ይተዉ እንዳልላቸው፣ ያለ እሱ ቀናቸው ባዶ ነው። ይቀመጡ እንዳልል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያን መንገድ በአምቡላንስ መሄድ አልፈልግም። እማዬ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር።

የፈቱት የሽምግልና ጓደኛቸው ኦቦ ጂሎ ናቸው። በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ገቡና ጭቅጭቃችንን ቆመው ሰሙ። ከዚያ በትራቸውን አነሡና፣ «ኦቦ ታደሰ፣ እኛ ጉጂዎች ከብት እየነዳን ስንት ነገር ጨርሰናል! ከብቱ እስኪቀመጥ ጠብቀን ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንደተጣላን ነበርን። ይነሡ!» አሏቸው። አባባ እኔን አዩኝ፣ ወንበሩን አዩት፣ ተነሡ።

የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች ባለሱቁ ከድርና ልብስ ሰፊው ተስፋዬ ነበሩ። አንድ በረንዳ ይጋራሉ። የተስፋዬ የስፌት መኪና የሱቁን በር ይዘጋል በሚል ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም ነበር። አባባ በመካከል፣ ኦቦ ጂሎ ከፊት፣ እኔ ውኃ ይዤ ከኋላ ሆነን ወደ ገበያው አቀናን። ፀሐዩን ታውቂዋለሽ። ገበያው ጫፍ ሳንደርስ ከድር ላቡን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ በረንዳውን በሙሉ ይውሰደው፤ ብቻ አንድ ቦታ እንቀመጥ!» አለ። ተስፋዬም፣ «ኧረ እኔ መኪናውን ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፤ እንመለስ!» አለ። አባባ እርምጃቸውን አልቀነሱም፤ «ገና ነው፤ ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ብሏል» አሉና ቀጠሉ። ሁለቱ ሲመለሱ እየተደጋገፉ ነበር።

አሁን ከተማው ለምዶታል። ክስ ያለው ሰው ደኅና ጫማ አድርጎ ይመጣል። ዕርቅ ድሮ ከሚወስደው ጊዜ ያጠረ ይመስለኛል፤ ይመስለኛል ያልኩት ስላልለካሁት ነው። አባባን ያተረፋቸው መድኃኒቱ፣ ቶሎ መድረሳችን፣ የስኳሩ መስተካከል ወይስ ዕድል፣ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። እግዚአብሔርን ግን ሁሉንም አንድ ላይ አመሰግነዋለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳምጦ ፈገግ አለ፤ ስኳራቸውም አንቺ ስትቆጣጠሪው እንደነበረው ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት አብረን ወደ አንቺ መጥተናል። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አንዴም አላረፉም። መቃብርሽ አጠገብ ቆመው ቀስ ብለው ብዙ አወሩሽ፤ እኔ ራቅ ብዬ ስለቆምኩ አልሰማሁም፣ ግን ሁለት ጊዜ ስቀዋል። ከዚያ እኔን ሳይጠብቁ መንገዱን ያዙ።

እኔ ትንሽ ቀረሁ። እማዬ፣ አልረሳሽም። በዝክርሽ ቀን ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ለእግር ጉዞ በወጡ ቁጥር፣ ትንፋሻቸውን በሰማሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። የአንቺን ትንፋሽ ማትረፍ አልቻልንም፤ የእሳቸውን ለእኔ የተውሽልኝ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ይህን ልነግርሽ ስጀምር አባባ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሆነው ተጣሩ፤ «ነይ እንጂ! ሰው እየጠበቀን ነው!»

ሮጬ ደረስኩባቸው። ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነበርኩ።

ልጅሽ