ስም ያልተጻፈበት ጣቢያ

ለውድ ወንድሜ ለሮላንድ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ጃኔልስ ደህና ናት? ልጆቹን ኮሪንና ታሻን ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? እናንተ ጋ አውስትራሊያ ሙቀቱ የሚጀምርበት ወር ነው፤ እዚህ ግን ካለፈው ወር ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ከኮረብታው የሚወርደው ጭጋግ በቀትር መብራት ያስበራናል። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ደብዳቤህን መልሼ ሳነበው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«አባባ አሁንም በዚያች የባቡር መጫወቻቸው ይጫወታሉ?» ብለህ ጽፈሃል። ባለፈው በስልክ ይህንኑ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ደህና ነው» ብዬ ያለፍኩት አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ነው። አሁን ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ወጥተዋል፤ ቤቱ የብቻዬ ነው። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። መጫወቻው የለም። ለሰው ተሰጥቷል። እንዴት እንደሆነ እንድታውቅ ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ ሥሩን ረስተኸዋልና።

የሸለቋችን የባቡር መስመር የተዘጋ ዓመት አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። አባባ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በጣቢያችን ምልክት ሰጪ ነበሩ። ለንደን ያሉ ሰዎች «አያዋጣም» ብለው መስመሩን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሲዘጉት የሱፍ ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ሆኑ። በዚያው ሰሞን አንተ ከግንብ ወድቀህ እግርህ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋልክ። አባባ ከሥራ ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አልጋህ ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ሁለታችሁ የባቡር መስመር ትፈጥሩ ነበር፤ በካርታ ላይ የሌለ፣ የትኛውም ሚኒስትር ሊዘጋው የማይችል መስመር። ከኛ ሸለቆ ይነሣና ድንጋይ ድልድይን፣ የመበለቷ ወፍጮን፣ ቁራ ጎጆን አልፎ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። ስም የምታወጣው አንተ ነበርክ። አባባ «ይሁን ጌታዬ! የመስመሩ አዛዥ አንተ ነህ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ ደግሞ «ኖርማ፣ አልጋው ላይ እየዘለልሽ እግሩን ትነኪበታለሽ» ተብዬ ውጭ ነበርኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በበሩ ስንጥቅ እሰማችሁ ነበር።

እማማ ካረፉ በኋላ አባባ የጓሮውን ጋራዥ ከፍተው ጣውላ መጋዝ ጀመሩ። «ምን ሊሠሩ ነው?» ስላቸው «የሮላንድን መስመር ነዋ» አሉኝ፤ የማውቀው ነገር ይመስል። ጣውላውን እሳቸው አቆሙ፣ ሐዲዱን እሳቸው ዘረጉ፣ ሽቦውን እሳቸው በየዱ። ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ደቃቅ ደቃቁ ሥራ ወደኔ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስመለስ እጄን ታጥቤ በቀጥታ ጋራዥ እገባለሁ። ኮረብታዎቹን በዶሮ ቤት ሽቦ አቁሜ ጀሶ የጠጣ ጨርቅ አለበስኳቸው። የጠጣነውን የሻይ ቅጠል አድርቄ አፈር አደረግሁት። ዛፉን አንድ በአንድ ተከልኩ። ጥፍር የሚያክሉ ሰዎችን በአንዲት ቀጭን ብሩሽ ቀባሁ። መስመሩ ባሕሩ ጋ በሚያበቃበት ወደብ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ አለች፤ የምታሰጣውን ልብስ ከእማማ መሐረብ ነው የቆረጥኩት። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ክፉ ዓመታት አልነበሩም።

ለየጣቢያው የስም ሰሌዳ ሠራሁ፤ በሁሉም ላይ ጻፍኩ። የመጨረሻውን፣ የባሕሩን ጣቢያ ሰሌዳ ግን አባባ ከለከሉኝ። «እሱን ተዪው። ስሙን ያወጣው ሮላንድ ነው፤ ሲመጣ እሱ ራሱ ይጽፈዋል» አሉ። ስሙን አውቀው ነበር። ግን የሚጠብቁት ነገር አላቸው፣ ለምን እነጥቃቸዋለሁ ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ መስመሩን ከነጎደሎው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወስደን ለሕዝብ አሳየነው። የሞዴል ባቡር ክበቡን የሚመሩት ሚስተር ሆልሮይድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው የጥቃቅኖቹን ቤቶች ጣራ እስኪነካ አጎንብሰው አዩና «ዊልፍሬድ፣ እነዚህን ዛፎች የሠራው ማነው?» አሉ። እኔ ሻይ ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። አባባ ደረታቸውን ነፍተው «ልጄ ነዋ! አውስትራሊያ ያለው ሮላንድ። ሁሉም የሱ ሥራ ነው» አሉ። «አውስትራሊያ ሆኖ እዚህ ዮርክሻየር ላይ ዛፍ የሚተክል?» አሉ ሆልሮይድ፣ «እጁ ረዥም ነው በለኛ!» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሻዩን አድዬ ስጨርስ ካፖርቴን ለብሼ በዝናቡ ወደ ቤት ሄድኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ? የኛ ቤት ላም አንተ ነህ።

ከዚያ ባለፈው በጋ መጣህ። እዚህ አገር ከርማችሁ ለኛ የደረሰን አንድ ከሰዓትና አንድ አዳር ነበር፤ እሱንም ቆጥረን አመስግነን ነበር። አባባ ከጠዋት ጀምሮ ክራባት አስረው፣ ሐዲዱን በጨርቅ ሲወለውሉ ዋሉ። ገና ሻይህን ሳትጨርስ እጅህን ይዘው ጋራዥ አስገቡህ። በሩ ላይ ቆምክና «ኧረ አባባ! ይሄን ሁሉ መጫወቻ ምን ይሠሩበታል?» አልክ። ቀጥለህም ጣሪያውን ቀና ብለህ አየህና «ጋራዡ ግን ሰፊ ነው። ቢጸዳ ለቱሪስት የሚሆን አሪፍ መኝታ ቤት ይወጣው ነበር» አልክ። ጃኔል ብቻ ጎንበስ ብላ የተሰጣው ልብስ እውነተኛ ጨርቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህን አልረሳላትም።

አባባ የተናገርከውን የሰሙት አልመሰለኝም። «ና እንጂ አዛዥ! የመጀመሪያውን ባቡር አንተ ነህ የምታስነሣው» አሉህ። አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ እንደከተትክ መዘውሩን አዞርክ። ባቡሩ ተነሣ። አባባ ድሮ ጣቢያው ላይ ቆመው እንደሚጮኹት «ድንጋይ ድልድይ! የመበለቷ ወፍጮ! ቁራ ጎጆ!» እያሉ ከጎኑ ይሄዱ ነበር። ወደቡ ላይ ሲቆም ነጭ ቀለም የነካች ብሩሽ ሰጡህ።

«በል ጻፈው።»

«ምን ብዬ?»

«ስሙን ነዋ!»

«የምኑን ስም?»

የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። «አታሹፍ እንግዲህ! የመጨረሻው ጣቢያ ማን ነበር?»

አንተ ወደኔ ዞር አልክ። ከዚያ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግህና «አባባ፣ እኔ'ኮ ቁርስ ምን እንደበላሁም አላስታውስ። ለምን በኛ ከተማ ስም ፐርዝ አንለውም?» አልክ። ወዲያው ስልክህ ጮኸ፤ ብሩሿን ኮረብታው ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ጓሮ ሆነህ ስትስቅ ይሰማ ነበር።

አንተ ያላየኸው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አባባ አንተ የቆምክበትን ቦታ እያዩ ቀሩ። አንጀቴን በሉት። ዝም ማለት አቃተኝና «ፉጨት ወደብ ነው፣ አባባ» አልኩ። ቀስ ብለው ዞሩ። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» «ደረጃው ላይ ሆኜ እሰማችሁ ነበር።» ብሩሿን ከኮረብታው ላይ አነሡ። በእውነቱ እነግርሃለሁ፣ ያን ጊዜ ብሩሿን ለኔ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። እጄንም ዘርግቼ ነበር መሰለኝ። «አንቺን አልጠየቅሁም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መብራቱን አጠፉና እኔን ጨለማው ውስጥ ትተውኝ ወጡ። ያስቀየምካቸው አንተ፣ ቃሉን የሰማሁት እኔ።

እራት ላይ ስለ መዋኛ ገንዳችሁ ስታወራ አባባ «ጎሽ፣ ጎሽ» ሲሉ ደስ ያላቸው መስሎህ ይሆናል። በማግሥቱ ከሄዳችሁ በኋላ ጋራዡን ቆለፉት። እኔም ቁልፉን አልጠየቅሁም። ከሥራ ስመለስ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ወጥ ቤት ቆሜ የታጠበ ሳህን መልሼ ሳጥብ እገኝ ነበር። አባባ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር ስበው መንገዱን ማየት ያዙ። በመንገዱ የሚያልፍ ግን አልነበረም።

መከር ሲገባ ሚስተር ሆልሮይድ መጡና «ዊልፍሬድ፣ ያ ውብ ሥራ አይጥ እስኪበላው ነው እንዴ የምትጠብቀው? ለክረምቱ ትርኢት አውሰን» አሉ። አባባ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ «ውሰዱት» አሉ። «መቼ እንመልስልህ?» «አትመልሱት።» ሆልሮይድ እኔን አዩኝ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ከክበቡ ሰዎች ጋር የዕቃ መኪና ይዘው መጡ። መስመሩ በየጣውላው የሚነቀል ስለሆነ አንድ በአንድ አወጡት። በሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። የተከልኳቸው ዛፎች በፊቴ ሲያልፉ ከመንገጫገጩ ቅጠል ይረግፍ ነበር። አባባ የወጥ ቤቱ በር ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆመዋል። በመጨረሻ ወደቡ ወጣ። ሆልሮይድ ሰሌዳውን አዩና «ይሄኛው ስም የለውም እንዴ? ምን ብለን እንጻፍበት?» አሉ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኖርማን ጠይቋት። እሷ ታውቃለች» አሉ።

ሮላንድ፣ ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት አንድዬ ያውቃል። ሰዎቹ ሁሉ ጣውላውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል። አባባ ያዩኛል። እኔም «ስም የለውም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አትጠይቀኝ። ባዕድ እንዲጽፈው ስላልፈለግሁ ነው እንዳልልህ፣ እሱ ብቻ አይደለም። ሆልሮይድ «ጥሩ፤ የኛም ባቡሮች የት እንደሚደርሱ አውቀው አያውቁም» ብለው ቀለዱና ጫኑት። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚገባኝን አገኘሁ እንደሚል ሰው። ከዚያ ገብተው በሩን በቀስታ ዘጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አየሩና ስለ ሾርባው እንጂ ስለ ሌላ አላወራንም። አንዳንዴ ባዶው ጋራዥ ገብተው ይቆማሉ። እኔ ከመስኮት አያቸዋለሁ፤ አልጠራቸውም።

ሚስተር ሆልሮይድ ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አገኙኝና ክበቡ አዲስ መስመር ከባዶ ጣውላ ሊጀምር እንደሆነ ነገሩኝ። «ዛፎቹ የማን እንደሆኑ ድሮም አውቄ ነበር» አሉኝ። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ለምን አልተናገሩም ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። ዛፎቹን እንድሠራላቸው ሲጠይቁኝ እሺ አልኳቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እሄዳለሁ። ለአባባ ስነግራቸው «ሐሙስ እራቴንስ?» አሉ። «ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ያሞቁታል» አልኩ። እንዲህ ስመልስላቸው በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት ቤት የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በናንተ ማታ ይሆናል። ያን ጊዜ ደውል። እኔ ስለማልኖር ስልኩን ለኔ አቀብለው ሊያመልጡህ አይችሉም። ስለ ባቡር አታንሣባቸው። የጣቢያውን ስም አስታወስኩት ብለህም እንዳትዋሽ፤ ከኔ እንዳገኘኸው ወዲያው ይገባቸዋል። ጉልበታቸውን ጠይቃቸው፤ ክፉኛ ያማቸዋል፣ ለኔ ግን አይነግሩኝም። ከወንበራቸው ተነሥተው ስልኩ ጋ እስኪደርሱ ጊዜ ይፈጃል። ቶሎ አትዝጋው።

ለጃኔል ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ፎቶግራፍ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ለኮሪ፣ አያትህ ቁመትህ የት ደረሰ እያሉ ይጠይቃሉ በለው። ታሻን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ሚስተር ሆልሮይድ አንተን ባያውቁህም ሰላም ብለውሃል። ለአንተ ለራስህ ያለኝ ሰላምታ ከላይ የጻፍኩት ነው፤ ለጊዜው ሌላ የለኝም።

እህትህ ኖርማ
ሀርደንዴል፣ ዮርክሻየር
ኖቬምበር 16 ቀን 2003