ስድስቱ የሱሉልታ ዶሮዎች

ሰበታ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ቀይዋ ዶሮ ትናንት ሞተች። ከስድስቱ አራት ቀርተዋል።

ለተከበሩ እናቴ፣

ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎስ የሱሉልታን ብርድ ቻለው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ይህን የሚያነብልዎ ተሾመ ከሆነ ሰላም ይበሉልኝ፤ ያነበበውንም ጠላ ቤት ሄዶ እንዳያወራው አደራ ይበሉልኝ።

በሐምሌ ሲመጡ የሁለት ዶሮዎች ጀርባ ተመልጦ አይተው፣ “የሚስትህ እጅ ለእንስሳ አይሆንም” ማለትዎን ያስታውሳሉ። ቀጥለውም፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ምን አፈራች?” አሉ። ገለቴ ጓዳ ሆና ሰማች።

እርስዎ በተመለሱ ማግስት ዶሮዎቹ ዘንድ እንዳትደርስ ከለከልኳት። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅላ ዶሮዎቹን የምታንከባልልበትን ጉድጓድም ደለደልኩት፤ አመድ ደጅ ማኖር ገድ የለውም ብለውኝ ነበርና። እሷም፣ “ጎሽ! እንግዲህ አንተው እከካቸው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸውን የጠረገ የለም። እኔ ጠዋት እህል በትኜላቸው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። በመስከረም የሁሉም አንገት ራቁቱን ቀረ፤ መጣልም አቆሙ፤ አንዷ ሞተች። እኔም እጅሽ ነው ብዬ ፊት ለፊት ተናገርኳት። በመስቀል ማግስት ልብሷን ይዛ ተፍኪ አባቷ ቤት ገባች።

ባለፈው ማክሰኞ ዶሮ ማርባት የሚያውቁት ጎረቤታችን ኦቦ ኢቲቻ መጡ። ቀይዋን ገልብጠው ክንፏን አነሱና ላባው ሥር የሚርመሰመሰውን አሳዩኝ። እርግማን ይሆን ወይ ብላቸው፣ “እርግማን እግር የለውም ጌታው፤ ይሄ ስድስት እግር አለው። ቅማል ነው” ብለው ሳቁብኝ። አመድ የሚታጠቡበት የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የደለደልኩትን አሳየኋቸው። “መድኃኒታቸውን ቀብረኸዋል እኮ!” አሉ።

ከዚያ እንቁላል የሚጥሉበትን ቅርጫት አወረዱ፤ ያ እርስዎ ዶሮዎቹን ከሱሉልታ ይዘውልን የመጡበት አሮጌ ቅርጫት ነው። ታችኛው ስፌት ውስጥ ጥቁር ላባ ተሰክቶ ነበር፤ ቅጫሙ እንደ ጤፍ ተደርድሮበታል። ከስድስቱ ጥቁር ዶሮ የለም። ቅርጫቱን አቃጠልኩት። ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም።

ዶሮዎቹን በአመድ አሻሸናቸው፤ ቆጡንም በፈላ ውሃ አጠብነው። ቀይዋ አቅም አልነበራትም። የቀሩት አንገት ላይ አዲስ ላባ እንደ እሾህ ብቅ እያለ ነው።

ሐሙስ ተፍኪ ሄድኩ። የገለቴ አባት ኦቦ ሞቱማ ከደጅ ሳያስገቡኝ፣ “እጇ መጥፎ ከሆነ ምን ፈልገህ መጣህ?” አሉኝ። ጥፋቴን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ “የአንተን ሰማሁ። የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት ግን ራሳቸው መጥተው ያንሱት” አሉ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝና፣ “ስትመጡ ቀስ ብሎ የሚነዳ መኪና ይዛችሁ ኑ። ልጄን በዚህ መንገድ ጋሪ ላይ አላስጭናትም፤ አሁንማ ጨርሶ!” አሉኝ። ገለቴ ከቤት አልወጣችም። ይህን ለምን እንዳሉ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ይገባዎታል።

ሁለት ሽማግሌ ለምኛለሁ። እሑድ ጥቅምት 14 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቁናል። እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ግን ለማንም ቃል አልሰጠሁም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ፤ የልጅ ልጅም ለመሳም ያብቃዎት። ቅዳሜ ጠዋት የሱሉልታው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሲገባ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ