ከቴክላ እጅ የሠራሃት ሴት

ሃርሎ ክሪክ፣ ኢንዲያና
ኦክቶበር 9 ቀን 1922

ውድ ልጄ ሎወል፣

የቺካጎ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ሳሉ ትንሽ ቀለል ብሎልኛል። ፖሙን ለቅመን ጨርሰናል፤ ያንተን ድርሻ በርሜል ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ።

ታሪክህ የወጣበት መጽሔት ደርሶኛል። ስምህን ሳየው በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ታሪኩ ግን ምንም ሳይሆን አለቀብኝ፤ ሴትዮዋ መስኮቱ ላይ እንደቆመች ቀረች። የዘመኑ አጻጻፍ እንዲህ ነው ካልክ እንግዲህ ይሁን።

የከተማው ሰው ግን የራሱን መጨረሻ ጨምሮበታል። ያ ጫፉ የተቆረጠ የሴትዮዋ አውራ ጣት፣ ያ በአፍንጫ የሚዜም መዝሙር የቴክላ መሆኑን ያላወቀ የለም። በታሪክህ አስታማሚዋ ሴትዮ፣ ሽማግሌው ውሃ ሲለምናት እየሰማች አትነሳም፤ ሲነጋ ሞቶ ይገኛል። እዚህ ሰው ሲታመም ከሐኪሙ በፊት የምትጠራው ቴክላ እንደነበረች ታውቃለህ፤ መተዳደሪያዋም እሱ ነው። አሁን የሚጠራት ጠፋ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሚስስ ግሪብል ሆን ብላ ጮክ አድርጋ፣ “እንኳን ባሌን ድመቴንም አላስጠብቃት!” አለች። ቴክላ ሰምታ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

በበጋ ስትመጣ፣ “እማዬ፣ ማንንም እንዳለ አልወስድም። ከአንዱ እጁን፣ ከሌላው ሳቁን እየቀነጨብኩ፣ አንቺ ብርድ ልብስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እንደምትሰፊው እገጣጥማለሁ” ብለኸኝ ነበር። እኔም ስፌቱን ፈትቼ አየሁት። ጣቱ የቴክላ ነው። አበባው የረገፈው ባርኔጣ የእኔ ነው፤ ግድ የለም፣ ውሰደው። ሽማግሌው ግን የሚጣራው የአልጋውን ብረት በቀለበቱ እያንኳኳ ነው። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ያንኳኳ የነበረው አባትህ ነው። እኔ እህቴን ልቀብር በሄድኩ ጊዜ ከሱ ጋር የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፤ ቴክላ ያን ሰሞን ደጃችንን አልረገጠችም። ስመለስ “ተኝቶ ሳለ አረፈ” አልከኝ።

ልጄ፣ አልፈርድብህም። ገና ልጅ ነበርክ፤ ቀን በቆሎ ስትሸለቅቅ ትውላለህ፣ ማታ እሱን ስትጠብቅ ታድራለህ። ብትነግረኝ አቅፌህ አለቅስ ነበር። የራስህን ልብ በቴክላ ገላ ውስጥ ከተህ መላክህ ግን አሳዝኖኛል። ሰው የሚያየው ገላን ነው። ስለዚህ ና፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቆመህ “ሴትዮዋ ቴክላ አይደለችም” በል። የቀረውን ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኛል።

ዛሬ ቴክላን አስታምሚኝ ብዬ ቤቴ ጠርቻታለሁ፤ ለሳሉም ነው፣ ጎረቤት ይይልኝም ብዬ ነው። ታሪኩን እሷም አንብባዋለች። ፈራ ተባ እያልኩ “እንዴት አገኘሽው?” አልኳት።

ሾርባውን እያማሰለች፣ “አንቺ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን ሴትዮዋን አላውቃትም” አለችኝ። ሾርባውን እየቀዳችልኝም፣ “ምስኪን! ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ‘አንቺ ተኚ፣ እኔ ልጠብቅልሽ’ የሚላት አንድ ሰው ጠፋ? ባውቃት ኖሮ እሄድላት ነበር” አለች።

እግዚአብሔር እንቅልፍህን ይባርክልህ።

እናትህ ኦርፋ