ጎረቤትን በአደራ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ከዊልስደን ሁለት ድመት አምጥቼ ለእንስሳት ሐኪሟ አስረከብኩ። አንዷ መንገድ ላይ ሸናች። መኪናውን በሆምጣጤ አሽቼ አሽቼ ወደ ታክሲ ሥራዬ ብመለስ፣ የመጀመሪያው ተሳፋሪ መስኮቱን ከፍቶ እስከ ኬኒንግተን አንገቱን አውጥቶ ሄደ። ሁለት ኮከብ ሰጠኝ። አልፈርድበትም።

ኢኽላስ ጃኬቴን በሁለት ጣቷ ይዛ በረንዳ ላይ ጣለችው። «የሰው ባል ሲያርፍ ቤቱ ይቀመጣል፣ የኔው ድመት ያመላልሳል» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር... እሷን ምን ብዬ ላስረዳት? ቀኑን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ይወርዳል። ድመቶቹ ቢያንስ ይጮሁብኛል።

ቢታንያ ደወለች። የተጣሉ ድመቶችን የሚታደገውን ቡድናችንን የምታስተባብረው እሷ ናት። እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ከእናቷ ኩሽና ወጥቶ አያውቅም። «ነገ ኬኒንግተን አንድ ኦልድ ሌዲ አለች። ኢትዮጵያዊ ናት፣ ኢንግሊሽ የላትም። አንተ ኢንተርፕሪት ታደርጋለህ፣ ኦኬ?»

ኦኬ አልኳት። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ዓመት ሙሉ የድመት ሳጥን ተሸካሚ ነበርኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

እትዬ ጌጤነሽ ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የተበላሸ። ከነገ ወዲያ ቀኝ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ከዚያ ለሳምንታት ማገገሚያ ቦታ ይቆያሉ። ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ድመቱን የሚያበላላቸው ሰው የለም።

የድመቱ ስም ጎረቤት። ግራጫ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ የግራ ጆሮው ግማሽ የለም። «የጎን ቤት ሰዎች ሲለቁ ጥለውት ሄዱ። በራቸው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ሲጠብቃቸው... ምን ልበለው? ጎረቤት አልኩት» አሉኝ።

ገና ሳልቀመጥ የደብዳቤ ክምር አመጡ። ስድስቱንም አነበብኩላቸው። የካውንስል፣ የመብራት፣ የሆስፒታል። ቀኙ ከዳነ በኋላ ለግራው ዳሌ ቀጠሮ እንልካለን ይላል ሆስፒታሉ። መረቁኝ። «እናንተ እስላሞቹ ለድመት ትራራላችሁ፣ አውቃለሁ።» ኮራሁ።

ከዚያ ፎርሙ መጣ። ቢታንያ፣ «ሰረንደር ፎርም ነው በላት። ኦነርሺፑን ለኛ ትሰጣለች። ከዚያ ሌላ ቤት እንፈልግለታለን። ሳይን ካደረገች በኋላ ባክ የለም፣ ክሊር አድርግላት» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ሰረንደር በአማርኛ ምንድን ነው? እጅ መስጠት? እጅዎን ይስጡ ልበላቸው፣ እንደ ተከበበ ወታደር? ለሁልጊዜ ማስረከብ? መዳፋቸው ድመቱ ጀርባ ላይ ነበር።

«በአደራ እንወስደዋለን» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «በአደራ?»

«በአደራ።»

«እንዲያ ከሆነማ...» ፈረሙ።

ቢታንያ ፈገግ ብላ ቆማለች። አደራ ማለት እባክህ ማለት ይመስላታል፤ እናቷ ሱቅ ስትልካት «አደራ ቶሎ ነይ» ስለምትላት።

ሥልጠና ላይ የነገሩን የመጀመሪያ ሕግ፦ ለባለቤቱ ምንም ዓይነት ቃል እንዳትገቡ። ግን ማን ነው የአሥራ ሦስት ዓመት ድመት፣ ያውም ጆሮ የሌለው፣ የሚወስደው? እሳቸው እስኪወጡ እዚያው የቡድናችን ማቆያ ይቀመጣል። ያኔ ይታያል።

ሳጥን ውስጥ ሳስገባው ነከሰኝ። አውራ ጣቴ ሥር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

እጄ እንደ ዳቦ ተነፋ። እስከ ክርኔ ቀላ። ነርሷ ተቆጣችኝ፣ የድመት ንክሻ የዚያኑ ቀን ነው የሚታየው፣ ሁለት ቀን አይቆይም ብላ። ይህንንም ሥልጠና ላይ ነግረውን ነበር። አስተኙኝ፤ መድኃኒቱን በደም ሥሬ እየሰጡኝ ነው። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

እትዬ ጌጤነሽም ዛሬ ነው ኦፕራሲዮን የሚደረጉት። ሌላ ሆስፒታል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ቤት ነኝ። መሪ መያዝ አልቻልኩም። ኢኽላስ አኩርፋኛለች፤ ግን ሾርባውን በማንኪያ የምታጠጣኝ እሷ ናት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። የቢታንያ መልእክት፦ አንድ ድመት፣ ከማቆያው ወደ ዊልስደን፣ አሳዳጊ አግኝቷል። ሄድኩ። ሳጥኑን ሳነሳው ግማሽ ጆሮ አየሁ።

ደወልኩላት። «ይኼ እኮ የእትዬ ጌጤነሽ ነው።»

«የስ፣ አሜዚንግ አይደል? በዚህ ኤጁ።»

«ሴትዮዋ ሲወጡ ቢጠይቁስ?»

«ያሲር፣ ሳይን አድርጋለች። አንተ ነህ ኤክስፕሌን ያደረግክላት። ነግረሃታል አይደል?»

ይህን ጊዜ ነበር መናገር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «አዎ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ለምን? እጄን ካስበላሁ በኋላ ደግሞ ያባርሩኛል ብዬ። ሌላ ምክንያት ፈለግኩ፣ የለም። ፈሪ ነኝ፣ አለቀ።

ነዳሁ። የሚቀበለው ሰውዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ጃማይካዊ። ሚስቱ በጸደይ ነው የሞተችው። ለድመቱ ቢጫ ትራስ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፣ እሷ የሰፋችው ነው አለኝ። ጎረቤት ወጣ፣ አሸተተ፣ ትራሱ ላይ ወጥቶ ተኛ። ለቡድኑ የሚላከውን ፎቶ አነሳሁ። ሰውዬው እጄን ጨበጠኝ፣ የታመመውን። ያመኝ እሱ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

እትዬ ጌጤነሽ ደወሉ። ቤታቸው ገብተዋል። «እጅህ ዳነልህ ወይ?» አሉኝ መጀመሪያ። ስለ እጄ ከየት ሰሙ? ያን ዕለት ሲነክሰኝ አይተው ነበር ለካ፤ ከዚያ ጀምሮ ሲያስቡልኝ ከርመዋል።

«ጎረቤትስ?»

«ደህና ነው።» ይኼ ውሸት አይደለም።

«መቼ ታመጣዋለህ?»

«እስኪጠነክሩ ብለን ነው።» ይኼኛው ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሳላስበው ዊልስደን ተገኘሁ። ሳላስበው? አውቄ ነው እንጂ። ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ቆምኩ። ድመቱ መስኮቱ ላይ ነበር። በሩን ላንኳኳ? አንኳኩቼስ... ለአንዷ መልሼ ከሌላው ልቀማ? ሽማግሌው መጥቶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገለት፣ ፀሐይ እንዲያገኘው። ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ።

ስሰግድ እንኳ የረከዓው ቁጥር ይጠፋብኛል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ኢማሙ በጁምዓው ኹጥባ የሰበኩት ስለ ጎረቤት ሐቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔ ብቻ ነበርኩ ድመት የታየኝ። ከመስጊድ ወጥቼ በቀጥታ ኬኒንግተን።

እትዬ ጌጤነሽ በብረት መደገፊያ ነው የሚሄዱት። ደብዳቤ ተጠራቅሞ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ «መጀመሪያ ተቀመጥ፣ በኋላ ታነብልኛለህ» አሉ። ወንበሩ ሥር የድመቱ ሳህን ነበር። ውሃ ሞልተውበታል። እንደዚያ ጎንበስ ማለት እኮ ተከልክለዋል።

«እስኪ ፎቶ አለህ?»

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው አሰፉት። ደስ አላቸው። ከዚያ ጣታቸው ትራሱ ላይ ቆመ።

«ይኼ ትራስ የማን ነው?»

«የ... የቦታው ነው።»

«የእጅ ሥራ ነው እኮ። የእጅ ሥራ ለድመት ማቆያ ማን ይሰጣል? ይኸው ደግሞ የወንድ ነጠላ ጫማ። ሰው ቤት ነው ያለው።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ፎርሙን፣ ቃሉን፣ ራሴ ነድቼ እንዳደረስኩት።

«መቼ ይመለሳል ታዲያ?»

«አይመለስም።»

«አደራ ብለኸኝ?»

ወንበሩ ሥር ያለውን ሳህን አየሁ።

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ፣ ቀስ ብለው። «እንግሊዝኛ አላውቅም፣ የሰው ፊት ግን አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ባትመጣ ኖሮ ይገባኝ ነበር። የልጅቷን ፊት አይቼ እምቢ እል ነበር። ያገሬን ቋንቋ ሰማሁና እሷን ማየት ተውኩ።»

«ኦፕራሲዮኑስ?»

«ይቀር ነበራ።»

ደብዳቤዎቹን እንዳነብ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ለቢታንያ ተናገርኩ። ኢኽላስ ናት «ዛሬውኑ ትነግራታለህ» ያለችኝ።

«አደራ ማለት ምንድን ነው?» አለች። «ቦሮው ማድረግ?»

«አይደለም።»

«ኪፕ?»

«አይደለም።» እንግሊዝኛው ጠፋኝ። መጀመሪያ አማርኛው፣ አሁን ደግሞ ይኼ። «ዕቃውን የተቀበለው ሰው እስኪመልሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ነው» አልኳት። ገባት መሰለኝ፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ለምን አልነገርከኝም፣ ያን ቀን ስጠይቅህ?»

ሽማግሌውን ጠይቀውታል። አልሰጥም አለ። መብቱ ነው። ፎርሙ ተፈርሟል። እኔ የቡድኑን መታወቂያና ሳጥኖቹን መልሻለሁ። ለእትዬ ጌጤነሽ የይቅርታ ደብዳቤ ይላክላቸዋል። በእንግሊዝኛ። የሚተረጉምላቸው ሰው እየፈለጉ ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

እትዬ ጌጤነሽ ስልክ አያነሱም። አራተኛ ጊዜዬ ነው። ዛሬ ዳቦና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ሊፍቱ አሁንም አይሠራም። አሁን በሁለት ብረት ነው የሚሄዱት፤ ግራው ብሶባቸዋል።

በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱት። ዳቦውን ተቀበሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ለማንም የሚባለውን ያህል።

በክፍተቱ ጠረጴዛው ይታያል። ክምሩ ከፍ ብሏል፣ አንዱም አልተከፈተም። የቡድናችንን ፖስታ ለየሁት፣ ጥግ ላይ የድመት መዳፍ ሥዕል ያለበትን። እሱም እንደታሸገ ነው። ከሁሉም በላይ የሆስፒታሉ ነጭ ፖስታ።

«እትዬ፣ ያቺን የሆስፒታሏን ብቻ ላንብብልዎ። የግራው ቀጠሮ ትሆናለች።»

ዞር ብለው ፖስታውን አዩት። ከዚያ እኔን፣ ረጋ ብለው፣ ያን ዕለት ቢታንያን ሊያዩዋት ይገባ በነበረው አስተያየት።

«አይ» አሉ። «አንተ ተወው።»

በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀጠሮው የዛሬ ወር ይሁን የነገ አላውቅም። እሳቸውም አያውቁም።