ክለባችንን ለዋንጫ ስላበቃችሁልን

ለሐይቅ ዳር ዋንጫ ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዋሳ፣ ሚያዝያ 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣

ይህ ጽሑፍ በሜዳው በር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያገኝዎ፣ እርስዎና መላው የኮሚቴው አባላት፣ ልጆቻችሁም ጭምር፣ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትሆኑ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ቢያንስ ቆመናል።

እኔ የአናጺዎች ማኅበር አባልና የማኅበሩ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ግብ ጠባቂው ማቴዎስ ልጄ ነው። ክለባችን ስድስት ዓመት ሙሉ በሰንጠረዡ ግርጌ ሲኖር ከአንድም ጨዋታ ሳልቀር የተመለከትኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ዘንድሮ ለፍጻሜ ስላደረሳችሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ማቅረብ ይገባኛል።

1. በጥቅምት የሸማኔዎች ቡድን ሰባት ሰው ብቻ ሆኖ መጣ። የቀሩት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ነበር። አምስት ለባዶ አሸነፍን። እኔ ጨፍሬአለሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

2. ከዚያ በኋላ ተጋጣሚ መምጣቱን ተወ። በደንባችሁ መሠረት ልጆቻችን ሜዳ ገብተው ይሰለፋሉ፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ በፎርፌ አሸነፋችሁ እንባላለን። ማጨብጨብ አለብን? ደንቡ ስለዚህ ዝም ስላለ ደጋፊው እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶታል። አንድ ቀን ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ ወፍ፣ በባዶው ግብ መሐል ቆሞ አሥራ አምስቱን ደቂቃ አብሮን ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ በሰዓቱ የተገኘ ተጋጣሚ እሱ ብቻ ነው።

3. ማቴዎስ በዓመቱ የገባበት ግብ አንድ ብቻ ነው። እናቱ ማሊያውን ታጥባለች፤ ውሃው ግን አይደፈርስም። ከድካም ስላሳረፋችኋት ታመሰግናለች። እንደዚያ አላለችም።

4. የክብር እንግዶች የሚቀመጡባቸውን ወንበሮች የምንሠራው እኛ በመሆናችን፣ ውድድሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ተጫዋቾቻችን እንዳይወሰዱ ደብዳቤ ስለጻፉልን ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። «እስኪጠናቀቅ ድረስ» የሚለው ላይ ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ ነው። ውድድሩ የሚጠናቀቀው የፊታችን እሁድ ነው።

ፍጻሜው ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ነው። ትናንት አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ ወይዘሮ ካሰችን አገኘኋቸው። ልጃቸው ደረሰ የአስጋሪዎቹ አጥቂ ነበር፤ በጥር እሱም ተወስዷል። ዓሣ የሚያጸዱበትን ቢላዋ ሳያቆሙ ጠየቁኝ።

«ማቴዎስን እስከ መቼ ነው የተዉልህ?»

«እስከ ዋንጫው» አልኩ።

«እሁድ አይደል እንዴ?»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ዳሰስኩ።

«እንግዲያው የእኔን ልጅ ጠብቁት በላቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ምን አላት፣ ዓሣ እንኳ አይበስልባትም።»

ስለዚህ፣ ጓድ ሰብሳቢ፣ በትሕትና የማመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሁድ ዳኛው ፊሽካውን አይንፋ። ደረሰ ከነጓደኞቹ መጥቶ እስኪሰለፍ ድረስ ይጠበቅ። ያለ ተጋጣሚ የሚሰጥ ዋንጫ ለኮሚቴው ክብር አይመጥንም። ማቴዎስ ግቡ ውስጥ መቆም ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔም ከመረቡ ኋላ መቆም እችላለሁ። ወንበሮቹ አልቀዋል። የቀረችው የእርስዎ ናት፤ አንድ እግሯን እስካሁን አልገጠምኩም።

ኮሚቴው ለሰጠን ድል ሁሉ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ግን ከሜዳው መግቢያ ሳልነቅል፣

የእርስዎ ታዛዥ ደጋፊ
ደበሌ ወልደጻድቅ

ተጨማሪ፦ ማቴዎስ ላይ ያቺን አንዷን ግብ በመስከረም የወዳጅነት ጨዋታ ያስቆጠረው የኮሚቴው አባላት ልጆች የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ይህ ቡድን ለዋንጫው ባይመዘገብም ዓመቱን ሙሉ በየልምምዱ አሥራ አንድ ሆኖ፣ ከነተጠባባቂዎቹ፣ አንድም ሰው ሳይጎድልበት ተገኝቷል። ምስጢሩን ለሌሎቻችን ብታካፍሉን ለከርሞ የምንጋጠመው ሰው አናጣም ነበር።