ለእማዬ ብዬ የከፈትኳት በር

ኅዳር 4
እማዬን ለኩላሊት እጥበት ወሰድኳት። መሀል ላይ ማሽኑ ቆመ። እንደ ልማዱ። ሲስተር የፓምፑን እጀታ በእጇ እያዞረች ደሟን መለሰችላት። ከዘገዩ ቱቦው ውስጥ ይረጋል አለችኝ፣ ላብ በላብ ሆና።

ማሽኖቹን ያቀረበው ሰውዬ ያለ ጨረታ ነው የገባው። ነርሶቹ "አማቹ" ይሉታል። የማን አማች? የሚጠይቅ የለም።

ከሰዓት ምክር ቤት፣ ቢሮዬ። የመንግሥት ግዢ ሕጉን የማረቅቀው እኔ ነኝ። ያለ ጨረታ ግዢ ክልክል ነው... ያቺን አንቀጽ ስጽፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኅዳር 11
የቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ። ሰብሳቢው "ሲሾም ያልበላ..." ብለው ተረቱን ሳይጨርሱ ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። ምኑ ያስቃል?

ኅዳር 19
እማዬ ዛሬ ሳትታጠብ ተመለሰች። መለዋወጫ የለም ተባለ። እግሯ አብጧል። ወንድሜ ስልክ ላይ ጮኸብኝ። ያንቺ ሕግ ሲወጣ ለአንዲት መለዋወጫ ስንት ወር ጨረታ ልንጠብቅ ነው? እስከዚያ እናታችንን ምን እናድርጋት?

እውነቱን ነው እኮ...

ኅዳር 20
አንዲት ሐረግ ጨመርኩ። "አስቸኳይ ሁኔታ ካላጋጠመ በቀር።" ከኮሚቴው ጋር ለሚሠሩት የመንግሥት ኦዲተር አሳየኋቸው። እዚያ ቤት የማምነው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አስቸኳይ መሆኑን የሚወስነው ማነው?"

"የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ።"

"እሱንስ ማን ያየዋል?"

ስለ እማዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ "እንግዲያው ከግዢው በኋላ እንመርምረው። አንድ መስመር ጨምሪልኝ፣ ልጄ" አሉ። ጨመርኩ።

ታኅሣሥ 2
ሰብሳቢው አስጠሩኝ። ሐረጌን ወደዋታል። ሰብአዊነት አላት አሉ። የኦዲተሩ መስመር ግን ሥራ ያጓትታል፤ እሷ ካልወጣች ረቂቁ ለከርሞ ይደር። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት።

ከርሞ እማዬ ትኖራለች?

ሰረዝኳት። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ታኅሣሥ 16
ጸደቀ። በሙሉ ድምፅ። እነዚያ ሰዎች በሙሉ ድምፅ ሲስማሙ መደንገጥ ነበረብኝ። ኦዲተሩ አላጨበጨቡም። እማዬ በሬዲዮ ሰምታ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች። "ልጄ የጻፈችው ነው!"

ጥር 9
ሆስፒታሉ ማሽን ገዛ። ያለ ጨረታ፣ "አስቸኳይ ሁኔታ ስላጋጠመ"። ቃሉ የኔ ነው። አቅራቢው? አማቹ። አሁን ግን ሕጋዊ ነው።

ኦዲተሩ ጋ ሮጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ...

"በምን ሥልጣን ልመርምረው?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፍሬ ወጣሁ።

ጥር 14
እንቅልፍ የለም።

ጥር 23
በአዲሶቹ ማሽኖች የመጀመሪያው እጥበት። አዲሱ ቀለማቸው ብቻ ነው። የአንዱ ቀለም ተፍቆ ከሥሩ የሌላ ሆስፒታል ስም ይነበባል። እማዬ አላየችም። አጠገቧ ከተኛችው ሴትዮ ጋር ወሬ ይዛለች። ደስ ብሏታል። ምን ልበላት?

ሰዓቱ ሳይጋመስ ሦስቱ ባንዴ ቆሙ። ሲስተር ደግሞ አንድ ናት። ራሱን ወደ ሳተው ሽማግሌ ሮጠች። "እህቴ፣ የእናትሽን አንቺ አዙሪ! ቀስ እያልሽ፣ እንዳታቋርጪ!"

የፓምፑን እጀታ ያዝኩት። የእማዬ ደም በቱቦው ውስጥ እያየሁት መሄድ ጀመረ። ደከመሽ ወይ ትለኛለች፣ እኔን። አልደከመኝም አልኳት።

ከዚያ አንገቷን ወደ ሴትዮዋ አዞረች።

"ሕጉን የጻፈችው ይቺ ናት። ልጄ።"

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። የሷን የሚያዞርላት ሰው አልነበረም።