የታጠበው ሰሌዳ

ለተከበርሽው የልጅ ልጄ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና በክብር አሳውቅሻለሁ፤ አውራ ዶሯችን ከማክሰኞ ጀምሮ መጮህ አቁሟል። ጎረቤታችን ፋጢማ ታሟል ትላለች፤ እኔ ግን ጡረታ ወጥቷል ባይ ነኝ። አሁን ለሱብሒ ሶላት የሚቀሰቅሰኝ የጉልበቴ ቁርጥማት ነው።

አንቺስ እንዴት ነሽ? የወግዲ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽ ማባዛቱን ያዙልሽ? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። ሆዴን ያመመኝም የበላሁት አይደለም፤ የዋሸሁት ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ጤፍ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ይሄው ወረቀቱን በሹፌሩ በአበጋዝ እጅ ላክሁልሽ።

ሰሌዳሽን ያጠበው ዝናብ አልነበረም። እኔ ነኝ።

ለርቀት ትምህርትሽ የሒሳብ ፈተና በዕረፍትሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት ጥያቄ እየሠራሽ ከዳር እዳር የሞላሽውን፣ ማታ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ ብለሽ ገበያ የወጣሽበትን ሰሌዳ፣ በውዱእ ውሃዬና በጨርቅ አጠብሁት። ያን ዕለት ዘንቦ ስለነበር፣ ስትመለሺ ጣራው አፍስሶ ነው አልሁሽ። አንቺም ምስኪን መሰላል ይዘሽ ወጣሽ። ከላይ ሆነሽ፣ አባባ፣ ቀዳዳው የታለ? ብትዪኝ፣ እንጃ፣ አንቺን ሲያይ ሸሽቶ ይሆናል አልሁሽ። ሳቅሽ። እያለቀስሽ ሳቅሽ። ያቺ ሳቅ ናት እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣችው። ወላሂ በሉ ብትዪኝ ኖሮ ያኔውኑ እጋለጥ ነበር። አንቺ ግን አያትሽን አምነሽ፣ ቀዳዳ እደፍናለሁ ብለሽ ደህናውን ቆርቆሮ በሚስማር ስትበሺ ዋልሽ። አሁን እውነትም ያፈሳል።

በማግስቱ፣ ለዘንድሮ በቃኝ፣ እሁድ አልፈተንም ብለሽ ወደ ወግዲ ተሳፈርሽ።

ለምን አጠቡት ትዪኝ ይሆናል። እኔ ያደግሁት ቂርአት ቤት ነው። ደረሳ ሉሁ ላይ የተጻፈለትን ሳይሰናከል በቃሉ ሲያዳርስ፣ ሸኹ ያንን የእንጨት ሰሌዳ አጥቦ ይመርቀዋል። የታጠበ ሉህ ክብር ነው። አንቺም በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድሽ አሥራ አንዱን ቀመር ስታነበንቢ ስሰማ፣ ልጅቷ አዳርሳዋለች ብዬ አጠብሁልሽ። ወረኢሉ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲግሪሽን እየጠበቀ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያም በየቅዳሜው አልመጣም ስላልሽኝ አይደለም። እሱንማ ጭራሽ አላሰብሁትም።

ትናንት ፈተናው የሚሰጥበት ቢሮ ድረስ በምርኩዜ ሄድሁ። የሻለም የምትባለው ጸሐፊ፣ አባባ፣ ተፈታኙ እርስዎ ነዎት እንዴ? ብላ አላገጠችብኝ። የልጅ ልጄ ካልመጣች እኔ እቀመጣለሁ አልኋት። መዝገቡን አይታ፣ ስምሽ አልተሰረዘም አለችኝ።

ደግሞ ስሚኝ። እኔ ቁርአን የቀራሁት በልጅነቴ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ በጆሮዬ ነው። ያንቺንም እንዲሁ ይዤዋለሁ፦ ኢንተግራል ዩ ዲቪ፣ እኩል ይሆናል ዩ ቪ፣ ሲቀነስ ኢንተግራል ቪ ዲዩ። ዩ ማን እንደሆነ፣ ቪ የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም። ብቻ አሥራ አንዱንም ቀመር በተራ ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌልሻለሁ። የሠራሽውን ሁሉ አይመልስልሽም፤ መንገዱን ግን ያስታውስሻል።

ቅዳሜ ነይ። እሁድ ጠዋት እስከ ፈተናው በር አደርስሻለሁ፤ እስክትወጪም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ። አላህ ልብሽን ያብራው፣ እጅሽን አያንቀጥቅጠው። ወረኢሉም ቢሆን፣ የምትገቢበት አገር ይቅናሽ።

የዋሸሽና የሚወድሽ አያትሽ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የዶሮው ነገር እውነት ነው። በዚህ ደብዳቤ የፈጠርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዳርሳዋለች ብዬ ነው ያጠብሁት ማለቴ። ዘጠነኛው ቀመር ላይ ሁልጊዜ ትሰናከዪ ነበር። ያን ዕለት ጠዋትም ተሰናክለሻል። ጨርቁን ሳነሳ እንዳላዳረስሽው አውቅ ነበር።